የጸሎት ቤቱ ቮልዩም በእማዬ እጅ

ባለፈው ጥቅምት ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። አንጋጫን እንዳለፍን ሾፌሩ ሙዚቃውን ለቀቀው። መንገዱ ዳር ያለው ስንዴ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ የጠዋቱ ጭጋግ ከእንሰቱ ላይ ገና አልተነሳም። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እባክህ ቀነስ አድርገው፤ በሽተኛ ይዘናል» አሉ። ሾፌሩ ዞር እንኳ ሳይል መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። ድምፁ ቀስ በቀስ ወረደ።

ሌላው ተሳፋሪ ወደ ወሬው ተመለሰ። እኔ ግን ዓይኔን ከሾፌሩ አውራ ጣት ላይ መንቀል አቃተኝ። የመጣብኝ ነገር ሐዘን ነው ማለት አልችልም። እግር ተቀምጠውበት ሲደነዝዝ ሲነኩት የራስ የማይመስልበት ጊዜ አለ፤ እንደዚያ ነበር። እናቴን ሳስብ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ። እናቴ በታመመችበት ጊዜ ግን ገና የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። ቤታችን ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ በክረምት ቀዩ ጭቃ ጫማ አውልቆ የሚያስቀርበት ሰፈር ነበር። አባቴ የመንዝ ሰው ነው። በወጣትነቱ የሒሳብ መምህር ሆኖ ጊምቢቹ ተመደበ፤ እማዬን ያገኛት እዚያ ነው። የእማዬ ቤተሰቦች ከድሮም ፕሮቴስታንቶች ናቸው። እሷ ግን አባዬን ለማግባት ክርስትና ተነሳች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከእሱ ጋር ማርያም መሳም ጀመረች። ወንድሞቿ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት ደጃችንን አልረገጡም። ኋላ እርቅ ወረደ፤ በዓል ሲሆን ቅቤና ቆጮ ይዘው ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ስለ ድሮው ማንም አያነሳም። እማዬም አታነሳም። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር። ሀዲይሳ ስትናገር የምሰማት ገበያ ስንወጣ ብቻ ነው፤ ከቅቤ ሻጮቹ ጋር ስታወራ ድምፅዋ ይቀየራል፣ ፈጠን ይላል፣ ትስቃለች። ቤት ስንገባ መልሳ ዝም ትላለች። እኔም የተማርኩት ሰላምታና ዋጋ መጠየቅ ነው።

ከጓሯችን አጥር ማዶ ጸሎት ቤት ነበረ። እንሰታችን የሚያልቅበት ቦታ ላይ የእነሱ ቆርቆሮ ይጀምራል። እሑድ እሑድ ትልልቅ ስፒከሮቻቸውን ሲከፍቱ የብርጭቆ መደርደሪያችን ይንቀጠቀጣል። አባዬ ከቅዳሴ ተመልሶ ምሳ ሲቀርብ ፊቱን ያጨፈግጋል እንጂ ተናግሮ አያውቅም። ጨዋ ሰው ነበር፤ ጨዋነቱ ግን ኩራትም አለበት።

በዚያ ዓመት የጥምቀት ሰሞን እማዬ ልብስ እያሰጣች ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኗ ተያዘ፤ አንደበቷም ሄደ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ወደ ቤት ላኩን። ብርሃን እንዲደርሳት ብለን አልጋዋን ሳሎን፣ በጓሮው መስኮት ሥር አደረግነው። ጠዋት ገላዋን አጥባታለሁ፣ የቡላ አጥሚት በማንኪያ እሰጣታለሁ፣ ኮሌጅ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ አገላብጣታለሁ። ጎረቤቶች «አይዞሽ፣ ጠንካራ ልጅ ነሽ» ይሉኛል። ጠንካራ አልነበርኩም። ምንም አልነበርኩም። አጥሚቱ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ ለማወቅ ከንፈሬ ላይ አድርጌ፣ ምን እንደተሰማኝ ሳላውቅ ደግሜ የማየው ጊዜ ነበር።

እሑድ ሲሆን ደግሞ መዝሙሩ ይመጣል። ስፒከሩ ከመስኮቱ ትይዩ ነው። እማዬ ራሷን ትራሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ማድረግ ትጀምራለች፤ ከግራ ዓይኗ እንባ ይወርዳል። አባዬ ብርድ ልብስ በመስኮቱ ላይ ይሰቅላል፣ ጥጥ ፈልጎ ጆሮዋ ውስጥ ይከታል፤ እሷ በደህናው እጇ ትነቅለዋለች።

«እያት፤ እየተሠቃየች ነው» ይለኛል። «ሰው በቁሙ እየገደሉ ነው!»

አንድ እሑድ አላስቻለውም። ጉባኤው ሊበተን ሲል በአጥሩ ክፍተት ወጥቶ አቶ ኤርሱሞን ጠራቸው። አቶ ኤርሱሞ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ በፊት እህል ነጋዴ ነበሩ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር።

«አቶ ኤርሱሞ፣ የምትሰብኩት ፍቅር ለታመመ ጎረቤት አይሠራም እንዴ?»

«መምህር፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቀንሱ ብያለሁ። ልጆቹም ይቀንሳሉ። መዝሙሩ ሲሞቅ ግን እጃቸው ተመልሶ ይወጣል።»

«እንግዲያው እጃቸውን ይሰሩልኛ!»

አቶ ኤርሱሞ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጸሎት ቤቱ ተመለሱ። በሳምንቱ መካከል ግን ከሌላ ሽማግሌ ጋር ሆነው፣ ወተት አስይዘው መጡ። አባዬ ፊቱን እንዳጨፈገገ ወንበር ሰጣቸው። እማዬን በሀዲይሳ ሰላም አሏት፤ ረዘም ያለ ሰላምታ ነበር፣ የቤተሰቧንም ስም የጠሩ መሰለኝ። እማዬ ዓይኗን ከፊታቸው ላይ አላነሳችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጄ፣ ኮሌጅ የምትማሪው ምንድን ነው?»

«ኤሌክትሮኒክስ።»

«እንዲያ ከሆነ ቁልፉ እዚህ ቢሆንስ?» አሉ፣ የእማዬን አልጋ በአገጫቸው እያሳዩ። «እኛ እንዘምር። ምን ያህል ይሰማ የሚለውን እሷ ትፍረድ።»

አባዬ የሚቀልዱበት መስሎት ቀና አለ። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌም ደነገጡ። «ጨርሳ ብታጠፋውስ?» አሉ።

«ካጠፋችው በጉሮሯችን እንዘምራለን፤ አባቶቻችን በምን ዘመሩ?» አሉ አቶ ኤርሱሞ። «ሕዝቡን እኔ አስማማለሁ። አንቺ ትችያለሽ ወይ ነው?»

እችላለሁ አልኩ። መቻሌን አላውቅም ነበር፤ ግን የሚሠራ ነገር ማግኘቴን አውቄያለሁ።

ተራ የቮልዩም ማዞሪያ ውስጡ ቀላል ነው። የካርቦን መንገድ አለ፣ በላዩ ላይ የሚንሸራተት ምላስ አለ፤ ስናዞረው ምላሱ ድምፁን ከሌላ ቦታ ይቀዳል። ዲጂታል ፖቴንሽዮሜትር የሚባለው ቺፕ ግን የሚዞር ነገር የለውም። ኤሌክትሪክ የሚገድቡ ጥቃቅን ሬዚስተሮች በውስጡ በተርታ ተደርድረዋል፤ ድምፁ ከየትኛው ላይ ይወሰድ የሚለውን የምታዘው ማይክሮኮንትሮለር ናት። ማይክሮኮንትሮለር ማለት የጥፍር ያህል ኮምፒውተር ናት፤ ያስተማሯትን አንድ ሥራ ሳትሰለች ትሠራለች። እሷን በኮሌጅ ተምሬያታለሁ። ቺፑን ደግሞ አንድ የክፍሌ ልጅ ከአዲስ አበባ ፈልጎ አመጣልኝ። ሐሳቤ ሁለቱን በሣጥን ከትቼ ጸሎት ቤቱ ውስጥ፣ ድምፅ በሚቀላቅለው ሚክሰርና በሚያጎላው አምፕሊፋየር መካከል ማስቀመጥ ነበር። በአሮጌ የስልክ ገመድ አጥሩን ተሻግሮ ወደ እማዬ አልጋ የሚመጣው ትእዛዙ ብቻ ነው፤ ድምፁ እዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ በቤታችን ቴፕ ላይ ሞከርኩት። ዘፋኙ በተቀደደ ከበሮ ውስጥ የሚጮህ ይመስል ነበር። ገመዱን ሁሉ ፈትቼ ደግሜ ገጠምኩት፤ ያው ነው። ኋላ ነው የገባኝ። ድምፅ በሽቦ ውስጥ ሲሄድ ከዜሮ በላይም ከዜሮ በታችም ይወዛወዛል፤ ያ ቺፕ ግን ከዜሮ በታች ያለውን አያውቅምና ግማሹን ይቆርጠዋል። በሬዚስተርና በካፓሲተር ውዝዋዜውን ከዜሮ በላይ አንስቼ ቺፑ በሚያውቀው ክልል መሐል ላይ አስቀመጥኩለት፤ ጠራ። ከዚያ ደግሞ ሌላ መጣ። ቁልፉን ሲጫኑ መጀመሪያ ምንም አይለወጥም፤ ታች ሲደርስ ግን ድምፁ ገደል እንደገባ ድንገት ይጠፋል። የሰው ጆሮ እኩል እኩል አይቆጥርም። እርምጃውን ለጆሮ እንዲስማማ አድርጌ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፍኩት። መብራት ሄዶ ሲመጣም ድምፁ የነበረበትን ቦታ እንድታስታውስ ማይክሮኮንትሮለሯን አስተማርኳት፤ ሆሳዕና ውስጥ ያለዚያ አይሆንም።

ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ ከእማዬ እግርጌ ተቀምጬ ካውያ ይዤ የሽቦ ማያያዣ ሊድ አቀልጣለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር አልልም። ግን ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ ያለው ነገር እጄ ላይ ነበር። የተሳሳተው ይታያል፣ ይስተካከላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስብም። እማዬ ጭሱን በዓይኗ እየተከተለች ታየኛለች። ምን እንደምታስብ አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃትም አትመልስልኝም።

ሁለት ቁልፎች በደህናው እጇ በምትጨብጣት እንጨት ላይ ገጠምኩላት። የላይኛው ይጨምራል፣ የታችኛው ይቀንሳል። በቴፑ ስናለማምዳት ወዲያው ያዘችው። አባዬ ልክ እንደ ተማሪው «ጎበዝ፣ አየሉ፣ ጎበዝ» ይላታል። ስሟ አየለች ነው፤ አየሉ የሚላት እሱ ብቻ ነበር።

ሣጥኑን የገጠምኩት በቅዳሜ ነው። ሚክሰሩ ላይ የሚቆመው ልጅ ክንዱን አጣምሮ ያየኛል፤ ሥልጣኑን የወሰድኩበት ያህል ተከፍቷል። አቶ ኤርሱሞ ገመዱን በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያሳልፉልኝ እጃቸው ቀይ ጭቃ ሆነ።

በማግሥቱ አባዬ ከቅዳሴ ቶሎ ተመለሰ። ወንበሩን አልጋዋ አጠገብ አስጠጋ። ማዶ ኪቦርዱ ተነሳ፣ ወጣቶቹ በአማርኛ መዘመር ጀመሩ፤ መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ። እማዬ የታችኛውን ቁልፍ ተጫነች። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ከሰፈሩ ጫፍ የሚመጣ መሰለ። ዶሮዎቻችን ሲጭሩ ተሰማ። አባዬ ሳቀ። ከጥምቀት ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!»

ጥቂት ቆይቶ ኪቦርዱ ዝም አለ። የአሮጊት ሴቶች ድምፅ መጣ፤ ያለ ሙዚቃ፣ በጭብጨባ ብቻ፣ በሀዲይሳ። እማዬ ዓይኗን ከጣሪያው ላይ አወረደች። አውራ ጣቷ ወደ ላይኛው ቁልፍ ሄደ።

ድምፁ ቀረበ። አልተወችውም። ሌላም ጨመረች፣ ሌላም፤ መስኮቱ መዘመር ጀመረ። አባዬ የተሳሳተች መስሎት ጎንበስ አለ።

«አየሉ፣ የታችኛው ነው። ይኸውልሽ፣ ይሄ…»

እጁን ገፋችው። በበሽተኛ እጅ የተገፋ ሰው ሊወድቅ አይችልም፤ አባዬ ግን ወደ ኋላ ሄደ። ያኔ ነው ከንፈሯን ያየነው። የተጣመመው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለውም፤ ግን ከሴቶቹ እኩል ይነሳል፣ ከሴቶቹ እኩል ያርፋል። አንድም ቃል አልዘነጋችም። ራሷን ወዲያና ወዲህ ታደርጋለች፣ ከግራ ዓይኗ እንባ ይወርዳል። በየሳምንቱ ያየነው ነው። ጥጥ የከተትንበት፣ ብርድ ልብስ የሰቀልንበት ነው።

አባዬ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። መዝሙሩ ሲያልቅ ተነስቶ ብርድ ልብሱን የሚሰቅልበትን ሚስማር ከመስኮቱ ነቀለ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እንደዚያ ሆነ። ወጣቶቹ ሲዘምሩ ትቀንሳለች፣ አሮጊቶቹ ሲነሱ ትጨምራለች። አቶ ኤርሱሞ ለአባዬ እንደነገሩት፣ ድምፁ ድንገት ሲነሳ ሴቶቹ ወደ አጥሩ ዞር ይሉ ነበር። እየቆየ ያችን መዝሙር ሳይዘምሩ የሚበተኑበት እሑድ አልነበረም፤ አንዳንዴም ደግመው ይዘምሯታል።

አንድ እሑድ የንስሐ አባታችን እማዬን ሊጠይቁ መጡ። ጸበል ረጭተውላት፣ አባዬ ያቀረበላቸውን እየቀመሱ ሳለ ሴቶቹ ጀመሩ። እማዬ ጨመረች። ቄሱ መስኮቱን አዩ፣ በእጇ ያለውን እንጨት አዩ፣ ከዚያ አባዬን አዩት። አባዬን አውቀዋለሁ፤ በሰው ፊት ከማፈር ሞትን የሚመርጥ ሰው ነው። በሆዴ አሁን ቁልፉን ይቀማታል አልኩ። የመጣውን ለመቀበል ዝግጁ ነበርኩ፤ ያም ቢሆን የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር።

«መምህር ተሾመ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ቄሱ።

«የእሷ ነው፣ አባ» አለ አባዬ። «ይተዉላት።»

ቄሱ ጉርሻቸውን ቀጠሉ። ሲወጡም መስቀላቸውን አሳለሟት።

እማዬ ያረፈችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ በአዘቦት ቀን፣ እኔ አጥሚቷን እያቀዘቀዝኩ ሳለ። ዞር ስል አልነበረችም። ሳህኑን አስቀምጬ፣ ማንኪያውን አጥቤ፣ ከዚያ አባዬን ጠራሁት። የማርያም ደጅ ቀበርናት። የጸሎት ቤቱ ሰዎች በዝናብ ውስጥ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁን፤ የእናቴ ወንድሞችም ከእነሱ ጋር ነበሩ። ሴቶች እየመጡ ያቅፉኛል፣ ያለቅሳሉ፤ እኔ ነጠላቸው ማርጠቡን አስባለሁ። በቀጣዩ እሑድ ከማዶ ምንም አልተሰማም። ስፒከሮቹን አልከፈቷቸውም። በጉሮሯቸው ዘምረው በጭቃው ዳር ዳር ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከዐርባዋ በኋላ ሣጥኑን ልነቅል ሄድኩ። ሚክሰሩ ላይ የሚቆመው ልጅ፣ ያ ተከፍቶብኝ የነበረው፣ «ብትተይው አይሆንም? እኛን አያስቸግረንም» አለኝ። አይ፣ አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ገመዱን በየት ቀዳዳ እንዳለፈ እያየሁ ሰበሰብኩ፣ ሚክሰሩንና አምፕሊፋየሩን መልሼ አገናኘሁ፣ ድምፁ መሥራቱን ሞከርኩ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ቤት ደርሼ አልጋዋ የነበረበትን ቦታ ሳይ ለቅሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። እስከ ዛሬ ስጠብቅ ኖሬያለሁ ብል ማጋነን አይደለም።

አሁን አባዬ ከእኔ ጋር ይኖራል። አርጅቷል፤ ጆሮውም ደከም ብሏል። አቶ ኤርሱሞ ካለፉ ቆዩ፤ እነዚያ ሴቶችም አንድ በአንድ ሄደዋል። በቅርቡ እሑድ ምሳ ላይ አባዬ እንጀራውን እየቆረሰ ድንገት ጠየቀኝ።

«ያ መዝሙር ምን ይል ነበር?»

የቱ ነው አላልኩትም። «አላውቅም አባዬ» አልኩት።

«አታውቂም?» አለና እጁ ሳህኑ ላይ ቆመ። «እኔ እኮ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር። የማዶዎቹን መጠየቅ ሲያሳፍረኝ፣ ልጇ ታውቃለች እል ነበር።»

ዜማውን አለሳልሼ አንጎራጎርኩለት። ግማሹ ላይ ጠፋኝ፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አላስታወስኩም። ቃሉማ መጀመሪያም የእኔ አልነበረም። አንዲት ሴት ወልዳ፣ አሳድጋ፣ አብራን ኖራ፣ ከእኛ ጋር አንድም ቀን ያልተናገረችበት ትልቅ ቤት በውስጧ ነበራት። እኔ ድምፁን ብቻ ነው ከፍና ዝቅ ያደረግኩላት።

«ሱቅሽ ከሚመጡት አንዱን ጠይቂልኝ» አለ አባዬ። «ዜማውን ብታሰሚው የሚያውቅ አይጠፋም።»

እውነቱን ነው። ሱቄ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ሀዲይሳ ተናጋሪ ነው፤ ከሆመቾም፣ ከሀቢቾም፣ ከጊምቢቹም ይመጣሉ። አምፕሊፋየር ይዘው የሚመጡ የጸሎት ቤት ሰዎችም አሉ። ይገባሉ፤ ምን ሆነ እላለሁ፣ ድምፅ አቁሟል ይሉኛል። እቀበላቸዋለሁ፣ ቀን እነግራቸዋለሁ፣ ይወጣሉ። ጥያቄው አፌ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀራል።

አባዬ እሑድ ሲመጣ ይጠይቀኛል። በዚህ ሳምንት፣ እለዋለሁ።